አዲሱ ርካሽ ላፕቶፕ ወይስ ያገለገለው የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ?

ላፕቶፕ ለመግዛት አስቦ በእጁ ያለው ገንዘብ ውስን የሆነ ሰው ገበያ ሲወጣ ዘወትር ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል። አንደኛው ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ፕላስቲኩ ያልተላጠ፣ ነጋዴው «ብራንድ ኒው» የሚለው ቀጭን ላፕቶፕ ነው። ሁለተኛው «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚባለው፣ ውጭ አገር በአንድ ድርጅት ለጥቂት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ በጅምላ የተሸጠና ወደ እኛ ገበያ የገባ፣ ጥግ ጥጉ ጫር ጫር ያለ ጥቁር ወይም ግራጫ ላፕቶፕ ነው። የሁለቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ ስለሚቀራረብ ገዢው «እንግዲያው አዲሱን ልውሰድ» ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ለዘመድና ለወዳጅ ላፕቶፕ ስመርጥ ካገኘሁት ልምድ ተነሥቼ ለአብዛኛው ተራ ተጠቃሚ ሁለተኛው እንደሚሻል አምናለሁ። ይህን የምጽፈውም ምክንያቱን ለማስረዳትና ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ ምን ምን መታየት እንዳለበት ለማሳየት ነው።

ተራ ተጠቃሚ ስል የማስበው የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪን፣ ደብዳቤና ሪፖርት የሚጽፍ የቢሮ ሠራተኛን፣ የሱቁን ገቢና ወጪ በኤክሴል ወይም በፒችትሪ የሚይዝ ነጋዴን፣ ማታ ማታ በኢንተርኔት ኮርስ የሚከታተል ወጣትን ነው። ለእነዚህ ሰዎች ኮምፒውተር እንደ ቅንጦት የሚታይበት ጊዜ አልፏል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ዕጩ ተመራቂዎች የሚፈተኑት የመውጫ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. አንሥቶ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ወደ ፈተና አዳራሽ ሲገባ ከትምህርቱ ሌላ መሣሪያውም ይፈትነዋል። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ላፕቶፕ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነውና፣ ያን ጊዜ በእጁ ባለው ብር ደህና ላፕቶፕ ይገዛ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ በዚያው ብር የሚያገኘው እጅግ ያነሰ ነገር ነው። በአንድ ግዢ መሳሳት የዓመታት ቁጠባ ማጣት ስለሆነ ምርጫውን ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም።

በመጀመሪያ ርካሹን አዲስ ላፕቶፕ እንየው። በዚህ የዋጋ እርከን የሚገኘው በአብዛኛው ሴሌሮን ኤን4020 የሚባል ወይም የእርሱ ቢጤ የሆነ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል)፣ 4 ጊጋባይት ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና 64 ጊጋባይት የኢኤምኤምሲ ማከማቻ (ርካሽ የፋይል ማስቀመጫ ዓይነት) ያለው ነው። ፕሮሰሰሩ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚያከናውን ክፍል) ብቻ ያለው ሲሆን፣ የተሠራውም ለቀላል ሥራና ለአነስተኛ የኃይል ፍጆታ ነው። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ማይክሮሶፍት ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 4 ጊጋባይት ራም እና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው፤ ይህ ላፕቶፕ መስፈርቱን የሚያሟላው እንግዲህ በመጨረሻው ወለል ላይ ቆሞ ነው። ማሽኑ ሲከፈት ዊንዶውስ ብቻውን ከራሙ ከግማሽ በላይ ይይዛል። በቀረው ላይ ክሮም ተከፍቶ፣ ቴሌግራም ተጨምሮ፣ ከዚያ የዙም ስብሰባ ሲጀመር ማሽኑ መንቀራፈፍ ይጀምራል። ማከማቻውም እንዲሁ ነው፤ ከ64ቱ ጊጋባይት ጥሩ ድርሻውን ዊንዶውስ ከወሰደው በኋላ ኦፊስና ጥቂት ፋይሎች ሲጨመሩ ቦታው ይሞላል፤ ትልልቆቹ የዊንዶውስ ዝመናዎች ሲመጡም «በቂ ቦታ የለም» የሚል መልእክት ይከተላል።

ከሁሉ የሚከፋው መፍትሔ የሌለው መሆኑ ነው። የእነዚህ ላፕቶፖች ራም በአብዛኛው፣ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ማከማቻ ደግሞ ሁልጊዜ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ባለቤቱ ከስድስት ወር በኋላ ጥቂት ገንዘብ ቢያገኝ እንኳ ከፍቶ ራም ሊጨምርበት፣ ማከማቻውን ፈጣን በሆነው በኤስኤስዲ ሊቀይረው አይችልም። በተገዛበት ቀን የነበረው አቅም የመጨረሻው አቅሙ ሆኖ ይቀራል።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዘመድ ከውጭ የላከላት ላፕቶፕ የዚሁ ዓይነት ነበር። ካርቶኑን ስንከፍት ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ስክሪኑ ያበራል፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ባትሪውም ጥሩ ይይዛል። ችግሩ የመጣው ፓወር ግዕዝ ልንጭንላት ስንሞክር ነው። ዊንዶውሱ የተጫነው «ኤስ ሞድ» በሚባለው ሁኔታ ስለነበር ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ የመጣን ማንኛውንም ፕሮግራም አይቀበልም። ይህ ሁኔታ ያለ ክፍያ ሊጠፋ ይችላል፤ አንዴ ከጠፋ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ለማጥፋትም ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ያስፈልጋል። ያንን አልፈን ፓወር ግዕዙን፣ ኦፊሱን፣ ለስታትስቲክስ ትምህርቷ የሚያስፈልገውን ኤስፒኤስኤስ ስንጭን ግን ቦታው ለማለቅ ተቃረበ። ልጅቷ አሁን ፋይሎቿን በፍላሽ ይዛ ትዞራለች፤ ዎርድ ከፍታ የምትጽፍ ከሆነ ብሮውዘሩን ትዘጋለች። ላኪው ሰው የሚችለውን ያህል በፍቅር የላከው ስጦታ ነውና በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሆኖም በተመሳሳይ ገንዘብ እዚያው አገር ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ እስክትመረቅ በምቾት ትጠቀምበት ነበር።

ያገለገለው የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ የሚሻልበት ምክንያት ሲሠራ የታሰበለት ሥራ የተለየ መሆኑ ነው። እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ያሉት ማሽኖች አዲስ ሳሉ 1,000 ዶላር ገደማና ከዚያም በላይ የሚያወጡና ትልልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሚገዟቸው ነበሩ። ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ስለሚጽፍባቸው ኪቦርዳቸው ጠንካራ ነው፤ የድርጅቱ ቴክኒሽያን በቀላሉ እንዲጠግናቸው ስለታሰበ የታችኛው ሽፋናቸው በተራ ካቻቪቴ ይከፈታል፤ ራም፣ ኤስኤስዲ እና ባትሪ መቀየር ይቻላል። ድርጅቶች ደግሞ ላፕቶፕ የሚቀይሩት ስለተበላሸ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ዋስትናው ሲያልቅ ወይም የኪራይ ውሉ ሲጠናቀቅ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ በብዛት፣ ገና ብዙ ዕድሜ የቀራቸው ማሽኖች ወደ ገበያ ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ስለ ጀነሬሽን፣ ማለትም ስለ ፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ በገበያችን ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነውና። ነጋዴው «ኮር አይ 7 ነው» ሲል ገዢው የሚሰማው 7 ከ5 እንደሚበልጥ ብቻ ነው። ነገር ግን የ4ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 7 ከ8ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ለቀጫጭን ላፕቶፖች በሚሠሩት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፕሮሰሰሩ አምራች ኢንቴል እስከ 7ኛው ጀነሬሽን ድረስ በእነዚህ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገባውን ኮር አይ 5 በሁለት ኮር ይሠራው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በ8ኛው ጀነሬሽን ግን ወደ አራት ኮር አሳደገው። አይ5-7200 እና አይ5-8250 በስም ጎረቤት ቢሆኑም ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ኮር የያዘ ነው። ጀነሬሽኑን ለማወቅ ከሰረዙ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ አኃዝ ማየት ይበቃል፤ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 6300 ከሆነ 6ኛ ነው፤ ከ10ኛው ወዲህ ያሉት በሁለት አኃዝ ይጀምራሉ።

8ኛው ጀነሬሽን ወሳኝ የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከሞላ ጎደል ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውንና ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል ያለውን ነው። በዚህ የተነሣ በዓለም ላይ በርካታ ድርጅቶች የ6ኛና የ7ኛ ጀነሬሽን ማሽኖቻቸውን አራግፈዋል፤ እነዚያም በርካሽ እየተሸጡ ነው። ዋጋቸው ቢያማልልም ዛሬ ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ጨምሮ 8ኛውን እንዲይዝ እመክራለሁ። በልዩ ልዩ መንገድ ዊንዶውስ 11ን በአሮጌዎቹ ላይ የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላሉት ማሽኖች ዝመና እንደሚያደርስ ዋስትና አይሰጥም።

ከሞዴሎቹ መካከል እኔ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ቲ480ን ነው። ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፤ ባትሪውም ሁለት ነው። አንዱ 24 ዋት ሰዓት የሚይዝና ከውስጥ የተገጠመ ሲሆን፣ ሌላው ከኋላ በኩል በእጅ የሚነቀል ነው። የውስጡ ባትሪ ማሽኑን ስለሚያቆየው የውጩን ላፕቶፑ ሳይዘጋ ነቅሎ በሌላ መተካት ይቻላል፤ የውጩም እስከ 72 ዋት ሰዓት የሚደርስ ዓይነት አለው። መብራት ሲጠፋ ሥራው ለሚስተጓጎል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ስለሚደረግ ዋናው ቻርጀር ቢጠፋ ሌላ ማግኘት አይከብድም። ጉድለቱ ደግሞ ርካሾቹ ቲ480ዎች 1366 በ768 ነጥብ (ፒክስል) የሆነ ደብዛዛ ስክሪን ያላቸው መሆኑ ነው፤ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይገረጣል፣ ለረጅም ንባብም ዓይን ያደክማል። 1920 በ1080 የሆነውን መጠየቅ ይገባል። ስሞች ስለሚመሳሰሉም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቲ480ኤስ ከራሙ ከፊሉ የተበየደ ነው፣ ኤክስ280 ደግሞ ራሙ ሙሉ በሙሉ የተበየደ ነው።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ በደንብ መፈተሽ ግድ ነው፤ ጨዋ ነጋዴም በዚህ አይከፋም። ፍተሻውን የማይፈቅድ፣ «እኔ አይቼዋለሁ፣ እመኑኝ» እያለ የሚያጣድፍ ከሆነ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል። በመጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ትተን ማሽኑ ራሱ የሚናገረውን እናያለን። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ክፍል ሲነካ የፕሮሰሰሩ ትክክለኛ ስም፣ የራሙ መጠን፣ ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ እና ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆን አለመሆኑ በአንድ ቦታ ይታያል።

ባትሪው ቀጥሎ ይመጣል። «ሦስት ሰዓት ይይዛል» የሚለው ቃል ምንም አይጠቅምም፤ ዊንዶውስ ራሱ በኮማንድ ፕሮምፕት ሲታዘዝ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። በዚያ ሪፖርት ላይ «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅም ሲሆን ሁለተኛው ዛሬ የቀረው ነው። ለምሳሌ 50,000 የነበረው 31,000 ከሆነ ባትሪው 62 በመቶ ላይ ነው ማለት ነው። ያ ብቻውን ዕቃውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን በቂ ነው፤ አዲስ ባትሪ ምን ያህል እንደሚሸጥም ቀድሞ ጠይቆ መሄድ ይጠቅማል። የታችኛው ሽፋን ወይም የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ያበጠ መስሎ ከታየ ግን ባትሪው አብጧልና አይገዛም፤ ያበጠ ባትሪ ለእሳትም ሊዳርግ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀውና ከሁሉ የሚጎዳው የድርጅት ቁልፍ ነው። እነዚህ ማሽኖች የኩባንያ ንብረት ስለነበሩ አንዳንዶቹ ከኩባንያው መዝገብ ሳይሰረዙ ይሸጣሉ። ነጋዴው ያለ ኢንተርኔት ዊንዶውስ ጭኖ ያሳየናል፤ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ከወራት በኋላ ፎርማት ተደርጎ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የማናውቀው ድርጅት ስም ብቅ ይልና የሠራተኛ አካውንት ይጠይቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ አይከፈትም። መከላከያው ዊንዶውሱ በፊታችን እንደገና እንዲጀመር ማድረግና በስልካችን ኢንተርኔት አገናኝተን እስከ መጨረሻው መከታተል ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን በትዕግሥት መቀመጥ አለብን። እንደዚሁም ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) በይለፍ ቃል የተቆለፈ አለመሆኑን ማየት ያሻል፤ በሌኖቮ ኤፍ1፣ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10 ሲነካ ያለ ምንም ጥያቄ መግባት አለበት።

የቀረው የዓይንና የእጅ ሥራ ነው። እያንዳንዱን ቁልፍ ዎርድ ላይ እየነኩ ማየት፣ ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አድርጎ ጥቁር ነጥብ ወይም ቢጫ ጥላ መፈለግ፣ ካሜራውንና ማይክሮፎኑን መሞከር፣ በሁሉም ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ፍላሽ መሰካት፣ ማጠፊያው ልል መሆን አለመሆኑን ማየት ነው። የቪዲዮ ፊልም ለሃያ ደቂቃ ያህል ከፍቶ መተው ሙቀቱንና የማራገቢያውን ድምፅ ያሳያል። ዋስትናውን በተመለከተ የቃል ተስፋ በቂ ስላልሆነ፣ ሲሪያል ቁጥሩ የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ መቀበል ይገባል።

ራሙ 8 ጊጋባይት ከሆነ ለተራ ሥራ ይበቃል፤ 16 ከተገኘ ደግሞ ለብዙ ዓመት ያስተማምናል። ቀድሞ 8ቱን ገዝተው በኋላ እንዲጨምሩ እመክር ነበር፤ ይሁንና ከእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ወዲህ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት የመረጃ ማዕከላት የራም ምርትን እየተሻሙ ዋጋውን በዓለም ደረጃ ስላናሩት፣ አሁን ከነ16ቱ የተገጠመለትን ማሽን መግዛቱ ሳያዋጣ አይቀርም። ማከማቻው 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይሁን። «500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ» ተብሎ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ መደሰት አይገባም፤ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በ8ኛ ጀነሬሽን ማሽን ውስጥም ቢሆን ሁሉን ነገር ያዘገያል።

አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ስሕተት ነው እያልኩ አይደለም። የአምራቹ ዋስትና የሚከበርበት አገር ለሚኖር፣ ወይም ቀላል ክብደትና ረጅም የባትሪ ቆይታ ለሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኤን100 የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ከ8 ጊጋባይት ራምና ከእውነተኛ ኤስኤስዲ ጋር ሲገኝ ደህና ምርጫ ነው፤ አራት ኮር አለው፣ ከሴሌሮኑም በብዙ ይሻላል። በዊንዶውስ ፈንታ በጉግል ክሮም ኦኤስ የሚሠራው ክሮምቡክ ለእኛ ሁኔታ አይመቸኝም፤ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ አቅሙ ይወሰናል፣ ፓወር ግዕዝም ሆነ ፒችትሪ አይጫንበትም። የ8ኛ ጀነሬሽን ማሽን ከአቅሙ በላይ ለሆነበት ሰው ደግሞ የ6ኛውን ገዝቶ በዊንዶውስ ፈንታ የሚያገለግለውን ሊኑክስ ሚንት ቢጭንበት የደኅንነት ዝመና እያገኘ በነፃ ይሠራበታል፤ አማርኛም በደንብ ይጻፍበታል። መምህሩ ወይም መሥሪያ ቤቱ የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያስገድደው ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሆንም።

በመጨረሻ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሆናችሁ ለቤተሰብ ላፕቶፕ ለምትልኩ ወገኖች ጥቂት ልበል። የቅናሽ ወቅት ሲመጣ መደርደሪያ ላይ የሚደረደረውን 4 ጊጋባይት ራም ያለውን አዲስ ላፕቶፕ እለፉት፤ በ200 ዶላር አካባቢ «ሪፈርቢሽድ» (ተፈትሸው የታደሱ) ተብለው ከነዋስትናቸው የሚሸጡትን የመሥሪያ ቤት ማሽኖች ፈልጉ። ከጀርመን የምትገዙ ከሆነ በኪቦርዱ ላይ የዋይ እና የዜድ ቦታ ተለዋውጦ፣ ከፈረንሳይ ከሆነም የበርካታ ፊደሎች ቦታ ተቀያይሮ ስለሚመጣ፣ አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ ለሚጽፍ ሰው ያስቸግራልና የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ኪቦርድ ያለውን ምረጡ። ስለ ቻርጀሩ አትጨነቁ፤ ከጀርባው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለው በአገራችን 220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬቱን ቅርጽ የሚያስተካክል አዳፕተር ብቻ ነው። ትርፍ ባትሪ አብራችሁ የምትልኩ ከሆነ መንገደኛው በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ ከአውሮፕላኑ ሆድ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ማስገባት ክልክል ነው። ደግሞም «ካርቶኑ እንዳይበላሽ» በማለት ሳትከፍቱ አትላኩ። ከፍታችሁ ለጥቂት ቀናት ተጠቀሙበት፤ ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ፈትሹ፤ ጉድለት ከተገኘበት መመለስ የሚቻለው የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ እዚያው እናንተ ባላችሁበት አገር ነው።